የአንባቢያን ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ መልስ የማይሰጠው ኮምፒውተር

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ባለው የወንድሜ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ስክሪንም ኪቦርድም የሌለው ራስበሪ ፓይ 4 የተባለ ትንሽ ኮምፒውተር አስቀምጬ፣ የሽያጭ መዝገቡን ደሴ ሆኜ በኤስኤስኤች (ኮምፒውተርን ከሩቅ በጽሑፍ ለማዘዝ በሚያስችል አገልግሎት) እየገባሁ እከታተል ነበር። መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ ወዲህ ግን «ኮኔክሽን ታይምድ አውት» (መልስ ሳይመጣ የመጠበቂያ ጊዜው አለቀ) ከሚል መልእክት በቀር የማገኘው የለም። የሚሞሪ ካርዱን አስወጥቼ ሲስተሙን እንደ አዲስ ልጫንበት?
አንባቢያችሁ፣ ከደሴ

መልስ፦ ካርዱን ለጊዜው አይንኩት፤ የሽያጭ መዝገቡ ያለው እዚያው ላይ ነውና። መሣሪያው በርቶ የኤስኤስኤች አገልግሎቱ ብቻ ቆሞ ቢሆን ኖሮ፣ ብዙውን ጊዜ «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» (ግንኙነቱ ተከልክሏል) የሚል መልስ ወዲያው ይመጣ ነበር። «ታይምድ አውት» ግን ከወዲያ በኩል የመለሰ አለመኖሩን ስለሚያመለክት፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አድራሻው ነው።

መብራት ሲቋረጥ ራውተሩም አብሮ ይጠፋል፤ ተመልሶ ሲነሳ ደግሞ ሁለት አድራሻዎች ሊለወጡ ይችላሉ። አንደኛው የኢንተርኔት መስመሩ የውጭ አይፒ፣ ማለትም መደብሩ ከኢንተርኔት የሚታይበት የቁጥር አድራሻ ሲሆን፣ ቋሚ አይፒ ካልተሰጠዎት በየጊዜው ሊቀያየር ይችላል። ሁለተኛው ራውተሩ በዲኤችሲፒ (አድራሻ በራሱ በሚያድልበት ዘዴ) ለፓዩ የሚሰጠው የውስጥ አይፒ ነው። ከውጭ የመጣውን ግንኙነት ወደ ፓዩ የሚያስተላልፈው የራውተሩ ፖርት ፎርዋርዲንግ ለምሳሌ ወደ 192.168.1.10 እየላከ ፓዩ 192.168.1.14 ተሰጥቶት ከሆነ፣ ምንም የተበላሸ ዕቃ ሳይኖር መግባት አይቻልም።

ስለዚህ ወደ ኮምቦልቻ ከመውረድዎ በፊት ለወንድምዎ ይደውሉ። ስልካቸውን ከመደብሩ ዋይፋይ ጋር አገናኝተው የውጭ አይፒውን ይንገሩዎት፤ ቀጥሎም የራውተሩን ገጽ ከፍተው ከተገናኙት መሣሪያዎች መካከል ፓዩ መኖሩን ይመልከቱ። ካለ፣ በማክ አድራሻው (በመሣሪያው መለያ ቁጥር) ቋሚ የውስጥ አይፒ ይያዝለት። (በዚሁ አጋጣሚ፣ ኤስኤስኤች የሚገባበትን ፖርት 22 ለዓለም ሁሉ ከፍቶ በይለፍ ቃል ብቻ መጠበቅ የማንመክረው ልማድ ነው፤ ቢያንስ በኤስኤስኤች ቁልፍ (በይለፍ ቃል ፈንታ በሚያገለግል የቁልፍ ፋይል) ብቻ የሚገባበት ያድርጉት።)

ፓዩ ከዝርዝሩ ከሌለ በኔትወርክ ገመድ ከራውተሩ ጋር ይገናኝና እንደገና ይታይ፤ ዋይፋዩ ብቻ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል። በገመድም ካልታየ በፓዩ ላይ ያሉትን ትንንሽ መብራቶች ማየት ነው። ቀዩ የኃይል፣ አረንጓዴው የካርድ ንባብ ምልክት ነው። ቀዩ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ኃይሉ አንሷል ማለት ነው፤ ለፓይ 4 የሚመከረው አዳፕተር 5.1 ቮልትና 3 አምፔር ስለሆነ፣ የስልክ ቻርጀር ተሰክቶ ከሆነ ይቀየር። ቀዩ ሳይቋረጥ በርቶ አረንጓዴው ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ግን ካርዱን የምንጠረጥርበት ጊዜ ደርሷል፤ መብራት በድንገት ሲቋረጥ በመጻፍ ላይ የነበረ ፋይል ሊበላሽ ይችላልና።

ያን ጊዜም አጥፍቶ መጫን አይቅደም። ካርዱ ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ትንሹ የማስነሻ ክፍል ይከፈታል፤ ስለ ሌላኛው ክፍል ግን «ፎርማት ላድርገው?» የሚል ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። ይህ ዊንዶውስ የሊኑክስን ክፍል ማንበብ ስለማይችል የሚያቀርበው ጥያቄ እንጂ ካርዱ ለመበላሸቱ ማስረጃ አይደለም። ባለማወቅ እሺ ያሉ ሰዎች ደህና የነበረውን መዝገብ በገዛ እጃቸው አጥፍተዋልና ወንድምዎ «ካንስል» እንዲሉ አስቀድመው ያሳስቧቸው። ከዚያም የካርዱ ሙሉ ቅጂ በኢሜጅ ፋይል (ካርዱን እንዳለ በሚይዝ አንድ ፋይል) ይወሰድ፤ የፋይል ሲስተም ጥገናው በሌላ የሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ኤፍኤስሲኬ በተባለው ፕሮግራም የሚሞከረው ቅጂው በእጅ ከገባ በኋላ ነው።