15 ላፕቶፕ፣ 60 ተማሪ፣ ኢንተርኔት የለም፦ ከምን ይጀመር?

መምህር፣ የጠየቁት «15 ያገለገሉ ላፕቶፖች በእርዳታ አገኘን፤ ኢንተርኔት የለም፣ መብራት ይቆራረጣል፣ በክፍል 60 ተማሪ አለ፤ ከምን እንጀምር?» ነው።

ኢንተርኔቱን ለጊዜው ይተዉት። ከላፕቶፖቹ ጠንካራውን ሰርቨር (ትምህርቱን ይዞ ለሌሎቹ የሚያቀርብ ኮምፒውተር) አድርገው አንድ ራውተር (ላፕቶፖቹን እርስ በርስ የሚያገናኝ መሣሪያ) ብቻ ይግዙ። የላፕቶፑ ባትሪ የሚሠራ ከሆነ መብራት ቢጠፋም ሰርቨሩ ወዲያው አይቋረጥም፤ ራውተሩ ግን ወዲያው ይጠፋል። ለእሱ አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ያስፈልጋል። ከመግዛትዎ በፊት ራውተሩ ጀርባ ላይ 9 ወይስ 12 ቮልት እንደሚል ይዩ፤ ካልተመጣጠነ ሊቃጠል ይችላል።

ሶፍትዌሩ ኮሊብሪ ይሁን፤ ያለ ኢንተርኔት ትምህርት የሚያቀርብ ነው፣ ነፃም ነው። ኢንተርኔት ያለበት ቦታ በሌላ ኮምፒውተር ይጫኑት፣ ከካን አካዳሚ የቪዲዮ ትምህርቶችና ከፌት ሲሙሌሽኖች (በስክሪን ላይ የሚሠሩ የሳይንስ ሙከራዎች) በዚህ ሴሚስተር የሚያስተምሩትን ምዕራፍ ብቻ ያውርዱ፣ በሃርድ ዲስክ አምጥተው ሰርቨሩ ላይ ይጫኑ። ሁሉንም ላውርድ ካሉ ዲስኩ ይሞላል፣ ተማሪውም የሚፈልገውን ለማግኘት ሲዳክር ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ዊኪፔዲያን በኪዊክስ (ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብብ ፕሮግራም) የሚጨምሩ ከሆነ የሚያመላልሱበትን ሃርድ ዲስክ በኤክስፋት ፎርማት ያድርጉ፤ ፋት32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም።

ሰርቨሩ ከራውተሩ ጋር በኬብል፣ ሌሎቹ በዋይፋይ ይገናኙ። ራውተሩ ውስጥ ለሰርቨሩ ቋሚ አድራሻ ይስጡ። 192.168.0.10 ከሆነ ተማሪዎች ብራውዘር ላይ 192.168.0.10:8080 ብለው ይገባሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል፦ ሰርቨሩ ላይ ይከፈታል፣ ሌሎቹ ላይ እምቢ ይላል። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከሌሎች ኮምፒውተሮች የሚመጣ ግንኙነትን የሚያግደው የዊንዶውስ ፋየርዎል ነው። ኔትወርኩን ከፐብሊክ ወደ ፕራይቬት ቀይረው ኮሊብሪን ይፍቀዱለት። መሀል ላይ ሁሉም ላይ ከጠፋ ደግሞ አንድ ሰው የሰርቨሩን ክዳን ዘግቶት ሊሆን ይችላል፤ ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ ሴቲንጉን ያስተካክሉ። ሰርቨር ያደረጉት ላፕቶፕ አርጅቶ ሰዓቱ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ የማዘርቦርዱን ባትሪ ይቀይሩ፤ አለበለዚያ የተማሪዎች ውጤት የተሳሳተ ቀን ይዞ ይመዘገባል።

አሁን ወደ ማስተማሩ። ሰርቨሩ አንዱን ስለወሰደ 14 ይቀራሉ። በአንድ ላፕቶፕ ሁለት ተማሪ፣ ማለትም 28ቱ ማሽን ላይ፣ የቀሩት በዚያው ርዕስ ወረቀት ላይ ይሥሩ፤ በ20 ደቂቃ ይቀያየሩ። ሦስትና አራት ሆነው ከተቀመጡ አንዱ ማውሱን ይይዛል፣ ሌላው ያወራል። የተማሪ ይለፍ ቃልንም ኮሊብሪ ላይ ያጥፉት፤ ለመግባት ብቻ ብዙ ደቂቃ ይበላል። ቪዲዮ ሁሉም ላይ በአንዴ ከማስከፈት በፕሮጀክተር አሳይተው፣ እያቆሙ ይጠይቁ። የፕላዝማውን ዘመን ያስታውሳሉ፤ ትምህርቱ ከሳተላይት ይፈስሳል፣ ለተማሪው ቢፈጥንበትም መምህሩ «ቆይ» ማለት አይችልም ነበር። ማቆሚያው በእርስዎ እጅ ይሁን።

ለላፕቶፖቹ የሚሻለው ሲሙሌሽኑ ነው፤ በተለይ ላቦራቶሪ ለሌለው የ9ኛ እና የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ። ተማሪዎቹ የኤሌክትሪክ ሰርኪት ሲሠሩ ትንበያቸውን አስቀድመው ደብተር ላይ ይጻፉ፤ ካልጻፉ ጨዋታ ሆኖ ይቀራል።

የአድሚን ይለፍ ቃሉን ሁለት ሰው ይያዘው፣ አንዱ ቅጂም በርዕሰ መምህሩ ካዝና ይቀመጥ። አለበለዚያ የያዘው መምህር ዝውውር ሲደርሰው ይለፍ ቃሉም አብሮት ይሄዳል።