ስለ ዜንዳያ ጠይቁኝ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ተማሪዎችን ቲያትር አሠለጥናለሁ። ዛሬ በልጅነቷ ጀምራ በቴሌቪዥን ስላደገችው ተዋናይት ስለ ዜንዳያ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን፦ ልጃችሁን ለትወና ለማስፈተን ብር አትክፈሉ።

ከፍኖተ ሰላም፦ ጋሼ፣ በስንት ዓመቷ ጀመረች?

መልስ፦ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች የልብስ ማስታወቂያ ትሠራ ነበር። የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1996 ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ነው። በ2010፣ በ14 ዓመቷ፣ በዲዝኒ ቻናል «ሼክ ኢት አፕ» በሚባል ተከታታይ ድራማ ላይ ወጣች።

ከሞጣ፦ እጮኛዋስ?

መልስ፦ ሌላ ጥያቄ።

ከደጀን፦ በልጅነቷ ያገኘችውን ብር ቤተሰቧ አልበላባትም?

መልስ፦ ተባረክ! ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ጃኪ ኩጋን የሚባል ልጅ ነበር። በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር ፊልም ሠርቶ ዓለም አወቀው። ሚሊዮኖች ዶላር አገኘ። ካደገ በኋላ ብሬን ስጡኝ ቢል እናቱና የእንጀራ አባቱ ጨርሰውታል። ከሰሳቸው፤ የደረሰው ግን ትንሽ ነው። በዚህ የተነሳ ካሊፎርኒያ በ1939 በስሙ የሚጠራ ሕግ አወጣች። ሕጉ ቀዳዳ ነበረው፤ በ2000 ተደፈነ። አሁን ልጁ ሠርቶ ያገኘው የራሱ ነው። ከመቶ 15ቱ እስኪያድግ በማይነካ ሒሳብ ይቀመጣል። ዜንዳያ ያደገችው በዚህ ሕግ ሥር ነው። በካሊፎርኒያ የሥራ ሰዓቱም የተወሰነ ነው። 9 ዓመት ሞልቶት 16 ያልሞላው ልጅ ትምህርት ባለበት ቀን ከ5 ሰዓት በላይ አይሠራም። 3 ሰዓት እዚያው ቀረጻው ቦታ ይማራል፤ አንድ ሰዓት ያርፋል።

ከቢቸና፦ ኧረ ጋሼ! እኛ ጋ የ7 ዓመት ልጅ ከብት ሲጠብቅ ይውል የለ? ማን ሰዓት ቆጠረለት?

ከባሕር ዳር፦ ስላልተቆጠረለት ልክ ነው ማለት ነው?

ከቢቸና፦ እኔ ከብት ጠብቄ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባሁ።

ከባሕር ዳር፦ ያልገቡት ጓደኞችህስ?

መልስ፦ በቃ፣ ወደ ጉዳያችን። እኛም አገር ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ከዚያ በላይ 18 እስኪሞላው በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። የከብቱን ክርክር ሌላ ቀን።

ከፍኖተ ሰላም፦ ስንቱ የልጅ ተዋናይ ሲያድግ ይረሳል። እሷ እንዴት ዘለቀች?

መልስ፦ መደራደር ስለምታውቅ! በ2015 ለጀመረው «ኬ.ሲ. አንደርከቨር» ለሚባል የዲዝኒ ተከታታይ ድራማ ዝም ብላ አልፈረመችም። ፕሮዲዩሰር ካልሆንኩ አለች፤ ያውም ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ። ገጸ ባሕሪዋ ዘፋኝም ዳንሰኛም እንዳትሆን፣ ቤተሰቡም ጥቁር እንዲሆን ጠየቀች። ሆነላት። ሰላይ ሆና ተጫወተች። በ2019 «ዩፎሪያ» የሚባለው ተከታታይ ድራማ መጣ። በ2020፣ በ24 ዓመቷ፣ ኤሚ የሚባለውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት ወሰደች፤ በድራማ ዋና ተዋናይት ዘርፍ እስከዚያ ድረስ በዚያ ዕድሜ ያሸነፈች አልነበረችም። በ2022 ደገመችው። «ዩፎሪያ» የአዋቂ ነው፤ ከልጆች ጋር አትዩት።

ከዳንግላ፦ ጋሼ፣ ልጄ 9 ዓመቷ ነው፤ ጎበዝ ናት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በምን ጎበዝ? ለይተሽ ጠይቂኝ።

ከዳንግላ፦ ግጥም በቃሏ ትወጣዋለች። ከአዲስ አበባ ነን ያሉ ሰዎች ለምዝገባ 3 ሺህ ብር ክፈሉ ብለውናል።

መልስ፦ አትክፈዪ። ከላይ ምን አልኩ? ሥራ የሚሰጥ ሰው ይከፍላል እንጂ አያስከፍልም።

ከሞጣ፦ በስንት ዓመቷ ነው የጀመረች?

መልስ፦ ተመልሷል። ከላይ አንብብ።

ከዳንግላ፦ ደረሰኝ እንሰጣለን ብለዋል እኮ ጋሼ።

መልስ፦ ደረሰኝ ቢሰጡም አትክፈዪ። ትምህርት ቤቷ የድራማ ክበብ ካለ እሱ ውስጥ አስገቢያት።