የሴቶች ሰልፍ በደሴ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የጠለፋ ጉዳይ ላይ ሰልፍ ልንወጣ ነው። ፈቃዱ ስንት ቀን ይፈጃል?

መልስ፦ ፈቃድ አትጠይቁ፣ አሳውቁ። የሰላማዊ ሰልፍ አዋጅ ቁጥር 3/1983 የሚለው ከ48 ሰዓት በፊት ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ አሳውቁ ነው። ደብዳቤው ላይ ዓላማው፣ ቦታው፣ ቀንና ሰዓቱ፣ የአዘጋጆቹ ስም፣ አድራሻና ፊርማ ይኑር። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱና አንዱ ላይ መዝገብ ቤት ማኅተምና የገባበትን ሰዓት አስደርጉ። ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ነው፤ ለኃላፊው በእጅ ሰጥተው ይወጣሉ፣ በማግስቱ «አልደረሰንም» ይባላሉ። አስተዳደሩ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ ጽፎ ቦታ ወይም ጊዜ ቀይሩ ሊል ይችላል፤ ከነጭራሹ አትውጡ ማለት አይችልም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ካለ ግን ሌላ ነው፣ አስቀድማችሁ አጣሩ።

ጥያቄ፦ ሰኞ ብናደርገውስ? አገሩ ሁሉ ሰኞ ገበያ ነው።

መልስ፦ አይሆንም፤ በገበያ ቀን ገበያ ቦታ ክልክል ነው። ከመስጊድ፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከሆስፒታልና ከመቃብር ደግሞ 100 ሜትር መራቅ አለባችሁ። ደሴ በሸለቆ ውስጥ የተጣበቀች ከተማ ስለሆነች መስመር መምረጡ ዋናው ራስ ምታት ነው። መንገዱን በእግር ለኩት፤ 100 ሜትር ወደ 130 እርምጃ ነው።

ጥያቄ፦ እንደ ፌመን ደረታችንን ገልጠን ብንወጣ?

መልስ፦ ፌመን እ.ኤ.አ. በ2008 ዩክሬን ውስጥ የተጀመረ የሴቶች ተቃውሞ ቡድን ነው፤ ስልቱ ለካሜራ ነው የተሠራው፤ ጥቂት ሴቶች፣ ገላ ላይ የተጻፈ መፈክር፣ የአበባ አክሊል። እዚህ በአደባባይ ነውር መፈጸምን የሚቀጣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 639 አለ፤ ከዚያም በላይ ወሬው ስለ ጡት ይሆንና ጠለፋው ይረሳል። ግን ነውር ሁሉ አይሠራም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 ናይሮቢ፣ ኡሁሩ ፓርክ፣ የፖለቲካ እስረኞች እናቶች ፖሊስ ሲመጣባቸው ልብሳቸውን ጣሉ። እናት ራቁቷን ለልጇ ማሳየቷ በእነሱ ዘንድ እርግማን ነው፤ ፖሊሱም ያውቀዋል። የእኛ አቻው ነጠላ ማዘቅዘቅ ነው። ጥለቱ ወደ አንገት ሲወጣ ያየ ሁሉ «ማን ሞተ?» ይላል። መልሱን ካርቶን ላይ ጻፉለት፤ ፊደሉ ከ10 ሳንቲ ሜትር አይነስ። የተጠለፈችውን ልጅ ስምና ፎቶ ግን በጭራሽ።

ጥያቄ፦ የቅሬ (የእድር) እናቶች «ሽማግሌ ይዞታል፣ ተዉት» ይሉናል።

መልስ፦ ሽምግልና ቂም ያበርዳል እንጂ ክስ አይዘጋም። ጠለፋ በአንቀጽ 587 ከ3 እስከ 10 ዓመት፣ አስገድዶ መድፈር በአንቀጽ 620 ከ5 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። ቤተሰብ ቢታረቅም ዐቃቤ ሕግ መቀጠል አለበት። ክሱ የሚሞተው ከእርቁ በኋላ ምስክር ሲጠፋ ነው፤ ስለዚህ «ፍትሕ» ከምትሉ «ምስክር ይቅረብ» በሉ። እናቶቹን በስብሰባ ሳይሆን ቡና ላይ አነጋግሯቸው።

ጥያቄ፦ ወንዶችስ?

መልስ፦ ይምጡ። ማይክ ግን አይያዙ።

ጥያቄ፦ ድንጋይ ቢወረወር?

መልስ፦ ለ25 ሰው አንድ አስተባባሪ፣ ክንዷ ላይ ነጭ ሻሽ የታሰረ። መልስ የሚወረውር ካለ ወዲያው ከሰልፉ ታውጣው። መበተኛው ሰዓትና ቦታ ከመነሻው ለሁሉም ይነገር፣ ጎረምሳ የሚቀላቀለው ሰልፉ ካለቀ በኋላ በሚቀረው ወሬኛ መሀል ነው።