«ትልቁ ብቸኛ ቁጥር» ማለት ይቻላልን?

ጥያቄ፦ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ይፋ ስለ ሆነው የሒሳብ ግኝት ስጽፍ «ትልቁ ብቸኛ ቁጥር ተገኘ» ብዬ ነበር። አንድ ባልደረባዬ «ብቸኛ ከሆነ አንድ ብቻ ነው፤ ትልቅና ትንሽ ከየት መጣ?» ሲሉ አረሙኝ። ልክ ናቸውን?

መልስ፦ ዐረፍተ ነገሩ እንከን አለበት፤ እንከኑ ግን ባልደረባዎ ባሉት ቃል ላይ አይደለም። በሒሳብ «ብቸኛ ቁጥር» የሚባለው ከ1 የሚበልጥና ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለው ነው፤ 2፣ 3፣ 5፣ 7 እያለ ይቀጥላል። ብቸኛ የተባለው አካፋይ በማጣቱ ነው፤ «ብቸኛ ሰው» ስንልም ዘመድ ወዳጅ የሌለውን ማለታችን እንጂ በዓለም ላይ ሌላ ሰው የለም ማለታችን አይደለም። «አንድ ብቻ» የሚለውን ትርጉም አብዛኛውን ጊዜ የምታመጣው በቃሉ ላይ የምትጨመረው «ው» ናት። «ብቸኛው ተጋማሽ ብቸኛ ቁጥር 2 ነው» ቢሉ ሁለቱም ትርጉሞች ጎን ለጎን ይመጣሉ፤ ለጆሮ ባይጥምም ስሕተት የለበትም።

እንከኑ ያለው «ትልቁ» ላይ ነው። ያችው «ው»፣ በሰዋስው እሙር ምዕላድ የምትባለው (ተለይቶ የታወቀን ነገር የምታመለክት ቅጥያ)፣ እዚህ ሳድሱን «ቅ» ወደ ካዕብ ለውጣ ገብታለች። አማርኛ ከሁሉ የሚበልጠውን ለይቶ የሚጠራበት የቅጽል መልክ ስለሌለው ይህንንም ሥራ ለእርሷ ይሰጣታል፤ «ትልቁ ልጄ» ሲባል ልጆች ተቆጥረው የሚያልቁ ናቸውና ሰሚው አይቸገርም። ብቸኛ ቁጥሮች ግን አያልቁም። ከ2,000 ዓመታት በላይ በፊት የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ኤውክሊድ እንዳሳየው፣ የፈለጉትን ያህል ብቸኛ ቁጥሮች ዘርዝረው ቢያባዙና በውጤቱ ላይ 1 ቢጨምሩ፣ የተገኘው ቁጥር በየትኛቸውም ሲካፈል 1 ስለሚተርፍ፣ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ሌላ ብቸኛ ቁጥር የግድ ይኖራል። (አዲሱ ቁጥር ራሱ ብቸኛ ላይሆን ይችላል፤ ከ2 እስከ 13 ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ተባዝተው 1 ሲጨመር 30,031 ይሆናል፤ ይህም የ59 እና የ509 ብዜት ነው።)

ስለዚህ «እስካሁን ከታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ» ቢሉ፣ «ከ» ለንጽጽሩ ወሰን ታበጅለታለች። ያ ቁጥር 136,279,841 ሁለቶች እርስ በርሳቸው ተባዝተው ከውጤቱ 1 ሲቀነስ የሚገኘው ነው። የሁለቶቹ ብዛት ራሱ ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ይህ ግዴታ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ 11 ብቸኛ ሆኖ ሳለ 11 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኘው 2,047 በ23 እና በ89 ይካፈላል።

ሲጽፉም «41,024,320 አሃዞች ያሉት ቁጥር» ይበሉ። «41 ሚሊዮን ቁጥር ያለው ቁጥር» የሚል ጽሑፍ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ አሃዝ የቁጥር መጻፊያ ምልክት ነው፤ ከ0 እስከ 9 ያሉት ዐሥሩ ብቻ ናቸው።