የጨቅላ ሕፃናት ታይሮይድ፦ ከአዳማ ለደረሱን ጥያቄዎች መልስ

ጥያቄ፦ ልጄ አንድ ወር ሊሞላው ነው። ዓይኑ አሁንም ቢጫ ነው። ቀስቅሼ ነው የማጠባው፤ ካካውም ይደርቅበታል። እናቴ «ጨዋ ልጅ ነው፣ ፀሐይ አሙቂው» ትላለች። (ፍራንኮ አካባቢ)

መልስ፦ እማማ አይቀየሙኝ እንጂ፣ ነገ ጠዋት ሐኪም ጋ ውሰጂው። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ቢጫነት ምክንያቱ መታወቅ አለበት። ካካው ከነጣ ጉበቱም ስለሚያሰጋ እሱንም ንገሪያቸው። እንደ እሱ ያለ እንቅልፋም፣ ድርቀት ያለበት ልጅ ሲመጣ ግን ታይሮይድም (አንገት ላይ ያለው፣ ለእድገት የሚያስፈልግ ሆርሞን የሚያመነጨው እጢ) በቂ አለመሥራቱ ይጠረጠራል። ለቅሶው ከሻከረ፣ ምላሱ ወጣ ካለ፣ እምብርቱ ካበጠ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ምልክቱ ባይኖርም አትዘናጊ። በማህፀን ሳለ ከእናቱ ያገኘው ሆርሞን ለጊዜው ስለሚይዘው፣ ብዙዎቹ ሲወለዱ ደህና ይመስላሉ። የሚለየው የደም ምርመራ ነው፤ ቲኤስኤች (አንጎል እጢውን ለማሠራት የሚልከው ሆርሞን) ከፍ፣ ቲ4 (እጢው ራሱ የሚያመነጨው ሆርሞን) ዝቅ ካለ እጢው ሥራውን እየሠራ አይደለም።

ጥያቄ፦ እንደተወለደ ወዲያው ቢመረመርስ?

መልስ፦ በመጀመሪያው ቀን ቲኤስኤች በተፈጥሮው ስለሚያሻቅብ ያሳስታል። ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን፣ ከተረከዙ ጥቂት ጠብታ ደም ይበቃል። እኛ ጋ ሁሉም ሕፃን የሚያልፍበት ምርመራ አይደለም፤ ስለዚህ ከሆስፒታል ሳትወጡ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ለልጄ ሌቮታይሮክሲን (የጎደለውን የታይሮይድ ሆርሞን የሚተካ ኪኒን) ታዘዘላት። ኪኒን ለአራስ እንዴት ይሰጣል? ሲሻላትስ ላቁም?

መልስ፦ በሁለት ማንኪያ መሃል አድቅቂው። በጥቂት ጠብታ የእናት ጡት ወተት ወይም ውሃ በጥብጠሽ በጉንጯ በኩል ስጫት። ጡጦ ውስጥ አትጨምሪው፤ ወተቱን ካስተረፈች መድኃኒቱም አብሮ ይቀራል። የብረትና የካልሲየም መድኃኒት ካላት በ4 ሰዓት ይራራቅ። አድቅቀሽ ለነገ አታስቀምጪ። የአዳማን ሙቀት ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ቴሌቪዥን ላይ፣ መስኮት ጥግ፣ ምድጃ አጠገብ አይቀመጥ።

መጠኑ ሲጀመር በቀን በኪሎ ከ10 እስከ 15 ማይክሮግራም ነው፤ ኪሎዋ ሲጨምር ሐኪሙ ያስተካክለዋል። ማቆም ግን በፍጹም! የተሻላት መድኃኒቱን ስለወሰደች ነው። እስከ 3 ዓመቷ አንጎሏ የሚያድገው በዚህ ሆርሞን ነው። ከዚያ በኋላ ሐኪሟ አቋርጦ ሊሞክር ይችላል፤ አንቺ አይደለሽም።

ጥያቄ፦ በግሬቭስ በሽታ (ታይሮይድን ከልክ በላይ በሚያሠራው ሕመም) እንቅርቴን በኦፕራሲዮን አስወጥቻለሁ። አሁን ነፍሰ ጡር ነኝ። እኔ ከዳንኩ ልጄን አያሰጋውም አይደል?

መልስ፦ ሊያሰጋው ይችላል። እጢው ቢወጣም በሽታውን ያመጣው ፀረ እንግዳ አካል ደምሽ ውስጥ ቆይቶ ወደ ልጁ ሊያልፍ ይችላል። ያኔ የልጁ ታይሮይድ ከልክ በላይ ይሠራል፤ ልቡ ይፈጥናል፣ እየጠባ ኪሎ አይጨምርም፣ ይነጫነጫል። በጥቂት ወራት ያልፋል፤ እስከዚያ ግን መድኃኒት ሊያስፈልገው ይችላል። ኦፕራሲዮኑን ለክትትል ስትሄጂ ንገሪና ካርድሽ ላይ አስጽፊ። ምልክቱ ቀናት ቆይቶም ስለሚመጣ፣ ልጁን በሁለተኛው ሳምንት መልሰሽ አሳዪው።