ሞክሼ መለየት ምኑ ሙያ ነው?

ሰሞኑን ከአራት ኪሎ የደረሰኝ ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «በታሪክ ትምህርት ተመርቄ ፒያሳ አካባቢ የድሮ ሰነዶችን ወደ ኮምፒውተር በሚያስገባ ድርጅት በኮንትራት እሠራለሁ። ሥራዬ በየወረቀቱ ላይ ያሉትን ሰዎች ስም መመዝገብ ነው። ባለፈው ወር ሁለት ሞክሼዎችን አንድ ሰው አድርጌ መዘገብኩ። እስካሁን ማንም አላየውም። ኮንትራቴ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶታል። ጓደኞቼ ‹ስም መለየት ምኑ ሙያ ነው? አካውንቲንግ ብትማሪ ይሻልሻል› ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ስህተቱ። ነገ ጠዋት ለኃላፊሽ ንገሪ። ግን ባዶ እጅሽን አትግቢ። የትኞቹ ወረቀቶች የማን እንደሆኑ፣ በምን ማስረጃ እንደለየሻቸው በአንድ ገጽ ጽፈሽ ያዢ። ደግሞም አትቆዪ። አንድን ሰው ሳያውቁ ሁለት ቦታ መመዝገብ ቀላል ጥፋት ነው፤ ኋላ ማስረጃ ሲገኝ ሁለቱ ይጋጠማሉ። ሁለት ሰው አንድ ላይ ከተቀላቀለ ግን ከርሞ የትኛው ደብዳቤ የማን እንደነበር የሚያስታውስ አይኖርም። ዛሬ አንቺ ታስታውሻለሽ። ስለዚህ ስትጠራጠሪ ለይተሽ አስቀምጪ።

አሁን ወደ ጓደኞችሽ ጥያቄ። ምኑ ሙያ ነው አሉ አይደል?

እኛ አገር የቤተሰብ ስም የለም። የራስ ስም አለ፣ የአባት ስም አለ፣ አለቀ። በዚያ ላይ ካሳ ብቻውን ስንት ነው! በ1860 ቴዎድሮስን ሊወጉ የመጡት እንግሊዞች የጻፉትን ስታነቢ ትግራይ ውስጥ የተባበራቸው አንድ «ካሳ» አለ። እሱ ካሳ ምርጫ ነው፤ በ1864 ዮሐንስ ተብሎ የነገሠው። መቅደላ ላይ የሞተው ንጉሥም ከመንገሡ በፊት ስሙ ካሳ ነበር፤ ካሳ ኃይሉ። እዚህ ላይ የአባት ስም ያድነናል። ቀጥለሽ ግን በ1928 ጦርነት በሰሜን ግንባር ጦር የመሩትን ልዑል ራስ ካሳ ኃይሉን ታገኛለሽ። እሳቸውም ካሳ፣ አባታቸውም ኃይሉ። የአባት ስም እዚህ አይረዳም። የሚለያቸው አያት ነው፦ አንዱ የወልደ ጊዮርጊስ የልጅ ልጅ፣ ሌላው የወልደ ኪሮስ። ዘመኑ ባይራራቅ ኖሮ ደግሞ አያቱን ያልጻፈ ወረቀት ጉድ ያደርግሽ ነበር።

ባንክ ሄደሽ የአያትና የእናት ስም የሚጠይቁሽ ለዚሁ ነው። እኔ ራሴ አንድ ክሊኒክ የሞክሼዬን የደም ምርመራ ሰጥቶኝ ሦስት ቀን ሻይ ያለ ስኳር ጠጥቻለሁ። አያቴን ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

እንግዲህ ይሄ ሥራ ስም መጻፍ ሳይሆን በስሙ ዙሪያ ያለውን ማንበብ ነው። ማዕረግ ይረዳል፣ ብቻውን ግን ያሳስታል። ተፈሪ መኮንን ደጃዝማች ነበሩ፣ ራስ ሆኑ፣ ንጉሥ ሆኑ፣ ከዚያ ኃይለ ሥላሴ ተባሉ። ማዕረግን ብቻ ብትከተዪ ከአንድ ሰው አራት ሰው ታወጫለሽ። የፈረስ ስም ግን ወርቅ ነው። «አባ ዳኘው» ካየሽ ምኒልክ ናቸው። የተገላቢጦሹም አለ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ዶክተር ማርቲን ናቸው። ይህን የማያውቅ መዝጋቢ አንዱን ሐኪም ለሁለት ይከፍላቸዋል።

ዘመን ደግሞ ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ አካባቢ በእኛና በፈረንጆቹ መካከል ሰባት ዓመት አለ፣ ከዚያ በኋላ ስምንት። በመዝገቡ ላይ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልጻፍሽ ሰውየው ከሞተ በኋላ ደብዳቤ ሲጽፍ ይገኛል። ከፒያሳ ወደ ታች ስትወርጂ የምትሻገሪውን የራስ መኮንን ድልድይ አስቢ። የሐረሩ ራስ መኮንን በ1898 ነው የሞቱት። ከዚያ በኋላ በተጻፈ ወረቀት ላይ «ራስ መኮንን» በሕይወት ኖረው ትእዛዝ ሲሰጡ ካየሽ ቆም በዪ። ምናልባት ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ይሆናሉ።

በእሳቸው ስም ላይ ደግሞ የምወደው ምሳሌ አለኝ። ደራሲም ጠቅላይ ሚኒስትርም ነበሩ። ልጃቸው እንዳልካቸው መኮንንም በ1966 ለጥቂት ወራት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። አንዳንድ የውጭ አገር ካታሎግ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥሮ ያስቀድምና የአባትየው ስም ሲገለበጥ «እንዳልካቸው፣ መኮንን» ይሆናል። አባት ልጁን ሆነ ማለት ነው! ነጠላ ሰረዟ ብትጠፋ መጽሐፉን ማን እንደጻፈው አይታወቅም። «ልጅ እንዳልካቸው» የሚል ስታገኚ ደግሞ «ልጅ» ማዕረግ እንጂ ዕድሜ እንዳልሆነ ለፈረንጅ የምታስረጂው አንቺ ነሽ።

ጓደኞችሽ ይሄን ሰምተው ሙያ አይደለም ካሉ እነሱን ተያቸው።

ሥራውን የት ታገኛለሽ? ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) እና ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መጀመሪያ የሚታሰቡት ናቸው። ግን እዚያ ቅጥር እስኪወጣ ቁጭ ብለሽ አትጠብቂ። የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትን አስቢ። ተመራማሪዎች ኦርኪድ የሚባል 16 አሃዝ ያለው መለያ የሚያወጡት በሞክሼ ምክንያት ነው፤ ይህን የሚያስረዳና የሚያስተካክል ሰው ያስፈልጋል። የደንበኛ ስም የተደበላለቀበት ባንክና ሆስፒታልም ያው ሥራ አለው፣ ስሙ ብቻ «የዳታ ጥራት» ይባላል።

አካውንቲንጉን ከወደድሽው ተማሪ፣ በፍርሃት ከሆነ ግን ገንዘብሽን አታባክኚ። በምትኩ ኤክሴልን አጥብቀሽ ያዢ። ኦፕን ሪፋይን የሚባል ነፃ ፕሮግራምም አለ፤ ተቀራራቢ አጻጻፎችን አሰባስቦ ያሳይሻል። ለኮምፒውተር «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ኀይሉ» ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ወ/ማርያም» ወልደ ይሁን ወለተ ደግሞ አንቺ እንጂ እሱ አያውቅም። ፕሮግራሙ ይጠቁማል፣ የምትወስኚው አንቺ ነሽ።

ለቃለ መጠይቅ ሦስት ሞክሼዎችን የለየሽበትን ሥራ በአንድ በአንድ ገጽ ይዘሽ ሂጂ። ከሦስቱ አንዱ ያልተፈታ ይሁን። «እስከዚህ ደረስኩ፣ ማስረጃ አጣሁ፣ ለይቼ ተውኩት» የምትል ልጅ ሁሉን አውቃለሁ ከሚለው ትበልጥብኛለች። ታዲያ ከመሥሪያ ቤትሽ አንድም ወረቀት እንዳታወጪ። ምሳሌዎችሽ ከታተሙ ምንጮች ይሁኑ።

ኮንትራትሽ ሳያልቅ የሥራ ልምድ ደብዳቤሽን ጠይቂ። «በመረጃ ጸሐፊነት ሠርታለች» ብቻ ብለው እንዳይገላገሉሽ። ምን ያህል ሰነድ እንዳየሽና የሰዎችን ማንነት ታጣሪ እንደነበር ይጻፍልሽ። ደብዳቤውን ስትቀበዪ መጀመሪያ የራስሽን ስም እዪ። ከዲግሪሽና ከፋይዳሽ ጋር በአማርኛም በእንግሊዝኛም ፊደል በፊደል ይግጠም። የሰው ኃይል ክፍል አንድ ፊደል ከተለየ ሁለት ሰው አድርጎሽ ቁጭ ይላል።