መልስ፦ ጣሊያን የቆየ ሰው ለጋላክሲ አፈጣጠር የዶክትሬት ቦታ ማመልከት ይችላል?

ማመልከት ይችላሉ፤ የተዘጋብዎት ጣሊያን ውስጥ ያለው ቦታ ብቻ ነው። የማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ የዶክትሬት መረቦች (የተለያዩ አገሮች ተቋማት በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የዶክትሬት ተማሪዎችን በጋራ የሚቀጥሩባቸው ፕሮግራሞች) ደንብ እንደሚለው፣ አመልካቹ ከመቀጠሩ በፊት በነበሩት 36 ወራት ውስጥ ቀጣሪው ተቋም ባለበት አገር ከ12 ወር በላይ የኖረ፣ የሠራ ወይም የተማረ መሆን የለበትም፤ እርስዎ ደግሞ በእነዚህ 36 ወራት ውስጥ ለማስተርስ ጣሊያን ፓዶቫ 14 ወር እንደቆዩ ጽፈዋል። በዚያው መረብ ሥር ሆላንድ ወይም ጀርመን ያለ ተቋም ላወጣው ቦታ ግን ይህ ገደብ አይነካዎትም። ዜግነትም መስፈርት ስላልሆነ የኢትዮጵያ ፓስፖርትዎ አያሳስብዎት።

ከልምዴ አንድ ነገር ላስጠንቅቅዎ። በመጀመሪያው ሙከራዬ ለሰማይና ለከዋክብት ያለኝን ፍቅር የሚገልጽ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ለአምስት ቦታዎች ልኬ ከአንዱም ለቃለ መጠይቅ አልተጠራሁም። የምርምሩ ርዕስ በሲሙሌሽን (በኮምፒውተር አስመስሎ በማስላት) የሚሠራ ይሁን በቴሌስኮፕ ምልከታ እንኳ ለይቼ አልጻፍኩም ነበር፤ የሁለቱ የዕለት ተዕለት ሥራ ደግሞ እጅግ የተለያየ ነው። በቀጣዩ ዓመት ለማንም ክፍት ከሆነው የኢለስትሪስ ቲኤንጂ የጋላክሲ አፈጣጠር ሲሙሌሽን መረጃ ወስጄ፣ በጋላክሲዎች ውስጥ ያሉት ከዋክብት መጠነ ቁስ ጋላክሲዎቹን ከከበበው የጨለማ ቁስ (ብርሃን የማይሰጥና በስበቱ ብቻ የሚታወቅ ቁስ) መጠን ጋር ያለውን ዝምድና ፓይተን በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ በግራፍ አወጣሁ፤ ከግራፉ ያልገባኝንም ሳልደብቅ በደብዳቤዬ አሰፈርኩ። ጠያቂዎቼ አብዛኛውን የቃለ መጠይቁን ሰዓት ያዋሉት በዚያ ባልገባኝ ነገር ላይ ነበር፤ ቦታውንም አገኘሁ።